ቀለህን ወደ ልኩ መመለስ፦ የናስ፣ የጥይትና የጥገኝነት ታሪክ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የትምህርታዊ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ አረሩ ወደ ዒላማው ይሄዳል፤ ባሩዱ ተቃጥሎ ይጠፋል። ተኳሹ መዝጊያውን ሲከፍት ግን አንድ ባዶ የናስ ቤት ተፈናጥሮ መሬት ላይ ይወድቃል። ሕዝባችን ቀለህ ይለዋል። በብዙዎች ዓይን ነገሩ ያለቀለት ውዳቂ ነው። ለታሪክ ተማሪ ግን ነገሩ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የጦር መሣሪያን ታሪክ ስንጽፍ ጠመንጃ መቁጠር ልማዳችን ነው። በዚህ ዘመን ስንት ሺህ ረሚንግተን ገባ፣ በዚያ ዘመን ስንት ሺህ ውጅግራ ተገዛ እንላለን። የምንቆጥረው ነገር ግን ያለ ጥይት ከዱላ አይሻልም። ዛሬ ላስረዳችሁ የምሞክረው አሳብ ይህ ነው፦ ከ1860ዎቹ ወዲህ የጠመንጃ ባለቤት መሆንና የጥይት ባለቤት መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነዋል። ጠመንጃ በግዢ፣ በስጦታ ወይም በምርኮ ይገኛል፤ አንዴ ከተገኘም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ጥይት ግን በየጊዜው ከፋብሪካ መምጣት አለበት። የተተኮሰን ቀለህ ለቅሞ፣ ወደ ልኩ መልሶ፣ ዳግም የመሙላት ጥበብ ከዚህ ጥገኝነት በከፊልም ቢሆን ለመውጣት የተደረገ ሙከራ ነው። ጥበቡ እስከ የት እንደሚያስኬድና የት ላይ እንደሚቆም ካወቅን፣ የፋብሪካ ባለቤት ያልነበሩ ሕዝቦች በዚያ ዘመን የነበራቸውን የነፃነት ስፋትና ጥበት በተሻለ ልክ ማየት እንችላለን።

በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ብዬ ካልለየኋቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ጥይት» ስልም አራቱን አካላት በአንድነት ማለቴ ነው፦ ቀለሁን፣ እሳት ሰጪውን ካፕሱል፣ ባሩዱንና አረሩን።

ቀለህ የሚሠራው ሥራ

ቀለህ አራቱን አካላት አንድ ላይ ከመያዝ የሚበልጥ ሥራ አለው። ባሩዱ ሲቀጣጠል የሚፈጠረው ጋዝ በሁሉም አቅጣጫ ይገፋል። በዚያች ቅጽበት ቀጭኑ የናስ ግድግዳ ይለጠጥና ጥይቱ ካረፈበት የጠመንጃ ክፍል ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ጋዙ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚዘጋው እርሱ ነው። አረሩ ከአፈሙዙ ወጥቶ ግፊቱ ሲወርድ ናሱ በጥቂቱ ይሰበሰባል፤ ስለዚህም በቀላሉ ተስቦ ይወጣል። መለጠጥና መሰብሰብ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አሟልቶ የሚሠራ ርካሽ ብረት ማግኘት የዘመኑን መሐንዲሶች ብዙ አድክሟል። መልሱ 70 እጅ መዳብና 30 እጅ ዚንክ ያለው ናስ ሆነ። ይህ ቅይጥ እስከ ዛሬ «የጥይት ናስ» ተብሎ ይጠራል።

ልብ በሉ፤ ናሱ ይሰበሰባል እንጂ ወደ ቀድሞ ልኩ አይመለስም። የተተኮሰ ቀለህ ከአዲሱ ጥቂት ይሰፋል፣ ጥቂትም ይረዝማል፤ የያዘውም ቅርጽ የተተኮሰበትን ጠመንጃ የውስጥ ቅርጽ ነው። ሁለት ጠመንጃዎች በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ቀን ቢሠሩ እንኳ የውስጥ ልካቸው በፀጉር ያህል ይለያያል። በአንዱ የተተኮሰ ቀለህ ወደ ሌላው አልገባ ሊል የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው። ዳግም ለመሙላት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ቀለሁን ወደ ልኩ መመለስ አለበት። ይህም ዳይ በሚባል ጠንካራ የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በኃይል አስገብቶ ግድግዳውን፣ ትከሻውንና አንገቱን መልሶ ማጥበብ ነው። አረሩን ጨብጦ የሚይዘው አንገቱ በመሆኑ፣ አንገቱ ካልጠበበ የተቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

ከወረቀት ወደ ናስ

ከናስ በፊት የነበረው ዘመን የተለየ ነበር። በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘ ወታደር ባሩድና ድብልብል እርሳስ ካገኘ ይበቃዋል። ባሩድ ከድኝ፣ ከከሰልና ከፖታሲየም ናይትሬት ይቀመማል፤ እርሳስም በገጠር ምድጃ ይቀልጣል። ፕሩስያ በ1841 የተቀበለችው የድራይዘ ጠመንጃና ፈረንሳይ በ1866 የተቀበለችው ሻስፖ ከኋላ የሚጎርሱ ቢሆኑም ጥይታቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነበር። ከኋላቸው ጋዝ ያፈስሳሉ፤ ወረቀቱም እርጥበት አይወድም።

ወሳኙ ለውጥ የመጣው በ1866 ገደማ ነው። በእንግሊዝ አገር በዉልዊች የንጉሣዊው ላቦራቶሪ ኃላፊ የነበረው ኮሎኔል ኤድዋርድ ቦክሰር ለስናድር ጠመንጃ የሚሆን፣ ከቀጭን የናስ ቅጠል ተጠቅልሎ የተሠራ ጥይት አዘጋጀ። በአሜሪካም ሃይራም ቤርዳን በዚያው ዓመት የራሱን የካፕሱል ሥርዓት አስመዘገበ። የሁለቱ ልዩነት ከውጭ ሲያዩት ኢምንት ይመስላል። ካፕሱሉ እሳት እንዲሰጥ መርፌው ሲመታው የሚጋጭበት ጉብታ ያስፈልገዋል። ቦክሰር ጉብታውን በካፕሱሉ ውስጥ አደረገው፤ እሳቱም በቀለሁ መቀመጫ መካከል ባለ አንድ ቀዳዳ ያልፋል። ቤርዳን ግን ጉብታውን የቀለሁ አካል አድርጎ ቀረጸው፤ እሳቱም በጎንና በጎን ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ያልፋል። ውጤቱን አስቡት። በቦክሰር ሥርዓት አንድ ቀጭን ዘንግ ከቀለሁ አፍ አስገብቶ የተቃጠለውን ካፕሱል ወደ ውጭ ገፍቶ መጣል ይቻላል። በቤርዳን ሥርዓት ግን መካከሉን ጉብታው ስለያዘው ካፕሱሉን ከውጭ በኩል ፈልፍሎ ማውጣት የግድ ነው። የታሪክ ምፀት ሆኖ የእንግሊዛዊው ሥርዓት በአሜሪካ፣ የአሜሪካዊውም ሥርዓት በአውሮፓ ሰፊ ቦታ አገኘ። በአሜሪካ ቀለህን በቤት ውስጥ መሙላት የሕዝብ ልማድ ሆኖ ሲቀር በአውሮፓ የዚያን ያህል ያልተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህ አዲስ ጥይት በጦር ሜዳ የመጀመሪያውን ፈተና ካለፈባቸው ቦታዎች ዋነኛው የኛው ምድር መሆኑን ብዙዎቻችን አናስታውስም። ሚያዝያ 10 ቀን 1868 ከመቅደላ ግርጌ፣ በእሮጌ ሜዳ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር ስናድር ታጥቆ የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት ገጠመ። ንጉሡ የመሣሪያን ነገር የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በጋፋት የአውሮፓውያን ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው፣ ሴባስቶፖል ያሉትን ታላቅ መድፍ አስቀልጠው አሠርተው፣ እስከ መቅደላ አስጎትተውታል። ሆኖም በዚያው ዘመን የጦር መሣሪያ ዕውቀት ከታላቁ ቀልጦ የሚፈስ ብረት ወደ ትንሹ፣ ወደ ቀጭኑ፣ በሺህ በሺህ ወደሚታተመው ናስ ተሻግሮ ነበር። የእሮጌ ውጊያ በጥቂት ሰዓታት አለቀ፤ ከኢትዮጵያውያን በኩል በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲወድቁ ከእንግሊዝ በኩል የሞተው ከጣት ቁጥር አያልፍም። ለውጤቱ ብዙ ምክንያት አለው፤ ከኋላ የሚጎርሰውና በናስ የታሸገው ጥይት ከዋነኞቹ አንዱ ነው። እንግሊዞች ሲመለሱ ለደጃዝማች ካሣ፣ ለኋለኛው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ትተውላቸው የሄዱት መሣሪያም በአብዛኛው አሮጌው በአፈሙዝ የሚጎርሰው ዓይነት ነበር።

በአሜሪካ፦ ቀለህ የሚሞሉ እጆች

ቀለህን ወደ ልኩ የመመለስ ጥበብ እንደ ሕዝብ ጥበብ ያደገው በአሜሪካ ነው፤ ምክንያቱም ርቀት ነው። በ1870ዎቹ በታላቁ ሜዳ ጎሽ የሚያድኑ አዳኞች ከባቡር ጣቢያ ርቀው ለወራት ይሰነብቱ ነበር። የሻርፕስ ጠመንጃቸው ጥይት ውድ ስለነበር ባሩድ፣ እርሳስና ካፕሱል በጋሪ ጭነው፣ ማታ ማታ በሰፈራቸው እሳት አጠገብ የቀኑን ቀለህ ይሞሉ ነበር። የጠመንጃው ግፊት ዝቅተኛ፣ ባሩዱ ጥቁር፣ አረሩም ለስላሳ እርሳስ በመሆኑ ሥራው ከባድ አልነበረም፤ ቀለሁም ብዙ ጊዜ ተመላልሶ ያገለግል ነበር።

የአሜሪካ ጦር ግን መጀመሪያ ላይ ይህን በር ዘግቶት ነበር። በ1873ቱ ስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ የሚተኮሰው ጥይት ቀለሁ ከመዳብ የተሠራ፣ ካፕሱሉም ከውስጥ የታሸገ ስለነበር ተተኩሶ ይጣላል እንጂ አይሞላም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ጦሩ ካፕሱሉ ከውጭ ወደሚገባበት ዓይነት ተሸጋገረ፤ ወታደሮችም ለዒላማ ልምምድ የሚሆነውን ጥይት በየምሽጋቸው መሙላት ጀመሩ። ቆጣቢነቱ ግልጽ ነው፦ በጥይት ውስጥ ውዱ ክፍል ቀለሁ ነው፤ ሳይጠፋ የሚቀረውም እርሱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የእጅ መሣሪያዎች ንግድ ነው። ጆን ባርሎው በ1884 አይዲያል የተባለ ኩባንያ በኒው ሄቨን አቋቋመ። በእጅ የሚጨመቁ፣ ጉጠት የሚመስሉ መሣሪያዎችንና የአሞላል መመሪያ መጻሕፍትን ለተራው ሰው አቀረበ፤ ኩባንያው በ1925 ወደ ላይማን ተላለፈ። ጭስ አልባ ባሩድ ግፊቱን ከፍ ሲያደርገውና ቀለሁ ይበልጥ ሲለጠጥ የእጅ ጉጠት አልበቃ አለ፤ በጠረጴዛ ላይ የሚታሰር፣ በረጅም እጀታ የሚጫን መጭመቂያ ቦታውን ያዘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1943፣ የካሊፎርኒያ ግዛት ከተማ በሆነችው ኦሮቪል ፍሬድ ሃንቲንግተን የተባለ ሰው የተተኮሱ ትናንሽ ቀለሆችን ወደ አረር ልባስ የሚለውጥ መሣሪያ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። አርሲቢኤስ ተብሎ የታወቀው ኩባንያ መነሻው ይህ ነው። ዛሬም በአሜሪካ በርካታ ዒላማ ተኳሾችና አዳኞች ቀለሆቻቸውን በቤታቸው ይሞላሉ፤ ከፊሎቹ ለቁጠባ፣ ከፊሎቹም ለገዛ ጠመንጃቸው ልክ የሆነ ጥይት ለማግኘት።

ከዚህ ዋና ታሪክ ጎን አንድ ሌላ ታሪክ አለ፤ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበውም እርሱ ነው። የሜዳው ነባር ሕዝቦች ፋብሪካም፣ የካፕሱል ነጋዴም አልነበራቸውም። የተተኮሰ ቀለህ እየለቀሙ፣ ለአሮጌ ጠመንጃ የሚሸጠውን ተራ ካፕሱል በቀለሁ መቀመጫ ውስጥ እያስገቡ ዳግም ይሞሉ እንደነበር ሲዋጓቸው የነበሩ የአሜሪካ ጦር መኮንኖች ጽፈዋል። ጠላት የጣለው ውዳቂ የእነርሱ ግምጃ ቤት ነበር። በጠመንጃ ላይ ያላቸውን ሥልጣን የሚወስነው ስንት ጠመንጃ እንዳላቸው ሳይሆን ስንት ካፕሱል እንደሚያገኙ ነበር።

ናስ ድካሙን ያስታውሳል

ቀለህ የሚሞላ ሰው ሁሉ የሚደርስበት ወሰን አለ፤ ወሰኑም በብረቱ ባሕርይ ውስጥ ነው። ናስ በተለጠጠና በተጨመቀ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል፤ እየጠነከረ ሲሄድም እየተሰባበረ ይሄዳል። አንድ ቀለህ ሲተኮስ ይለጠጣል፤ ወደ ልኩ ሲመለስ ይጨመቃል፤ እንደገና ይለጠጣል። መጀመሪያ የሚሸነፈው አንገቱ ነው፤ በርዝመቱ ይሰነጠቃል። ከዚህ የከፋው ግን ከመቀመጫው በላይ ያለው ግድግዳ ሲሳሳ ነው። ትከሻው ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ከተገፋ ቀለሁ በሚቀጥለው ተኩስ ወደ ፊት ይለጠጣል፤ ይህ ሲደጋገም አንድ ቀን ከሁለት ይቆረጣል። ጥንቁቅ ሰው ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ አይጨምቅም፤ ቀለሁ ለአንድ ጠመንጃ ብቻ የሚያገለግል ከሆነም አንገቱን ብቻ አጥብቦ ይተወዋል።

ለድካሙ መድኃኒት አለው፤ እርሱም እሳት ነው። አንገቱን በልኩ አሙቆ ማለዘብ የናሱን የውስጥ ቅንጣቶች መልሶ ያደራጃል፤ ጥንካሬው ይለዝባል። ፋብሪካውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ ክብ የናስ ቅጠልን ወደ ጽዋ፣ ጽዋውን ወደ ረጅም ቱቦ ሲስብ በየእርምጃው መካከል በእሳት ያለዝበዋል። ሆኖም መቀመጫው ጠንካራ ሆኖ መቅረት አለበት። አንገት ለስላሳ፣ መቀመጫ ጠንካራ፤ የቀለህ ዕውቀት በእነዚህ ሁለት ቃላት ይጠቃለላል።

ነገሩ የዕደ ጥበብ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በእንግሊዞች ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ሕንድ፣ በፈረስ ጋጣዎች ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ያልተተኮሰ ጥይት በዝናሙ ወራት በራሱ እየተሰነጠቀ አስቸገረ። ምክንያቱ ሲመረመር ሦስት ነገሮች ተገናኝተው ተገኙ፦ ናሱ ሲሠራ በውስጡ የቀረው ውጥረት፣ የክረምቱ እርጥበትና ከፈረሶቹ ሽንት የሚነሣው አሞኒያ። ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1921 ያሳተሙት ጥናት ጉዳዩን ግልጽ አደረገው። ስለ ብረታ ብረት መሰነጠቅ ዛሬ በምህንድስና ክፍል የምናስተምረው ትምህርት አንዱ ምንጩ ያ የፈረስ ጋጣ ነው። በተመሳሳይ መንገድ በድሮው ካፕሱል ውስጥ የነበረው የሜርኩሪ ውህድ ከናሱ ጋር ተዋሕዶ ቀለሁን ያሰባብረው ነበር። ጥቁር ባሩድ በብዛት የሚተወው ጥላሸት ሜርኩሪውን በጥቂቱ ያግደው ነበር፤ ጭስ አልባው ባሩድ ሲመጣ ያ መከላከያ ጠፋ። ስለዚህ ዳግም መሙላት በሙያተኛው ችሎታ ብቻ የሚወሰን አልነበረም፤ ፋብሪካው በካፕሱሉ ውስጥ ምን እንደጨመረም ይወስነው ነበር።

ውጅግራ፦ በሁለት ዘመን መካከል የቆመ ጥይት

አሁን ወደ ሀገራችን ልመለስ። በ1875 በጉንደት፣ በ1876 ደግሞ በጉራ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት የግብፅን ጦር ድል ሲመታ ብዙ ረሚንግተን ጠመንጃ ተማረከ። ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ በብዛት በኢትዮጵያውያን እጅ የገባው ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ከምርኮው ጋር አዲስ ጥያቄም መጣ፦ የተማረከው ጥይት ሲያልቅስ?

በፈረንሳይ በ1874 ሥራ ላይ የዋለው የባዚል ግራ ጠመንጃ በእኛ ዘንድ ውጅግራ ተባለ፤ ስሙ «ፊዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የተወረሰ ነው። የአፈሙዙ ልክ 11 ሚሊሜትር፣ ቀለሁ ወፍራም ናስ፣ ባሩዱ ጥቁር፣ አረሩ እርሳስ ነው። ፈረንሳይ በ1886 ለበን ወደምንለው አዲስ ጠመንጃ ስትሸጋገር አሮጌው ውጅግራ ለንግድ ተለቀቀ፤ በኦቦክና በጅቡቲ በኩልም ወደ ሸዋ ጎረፈ። ባለቅኔው አርቱር ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ በ1887 ሸዋ ሲደርስ ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣው ግን ከዚያም ያረጀ፣ በካፕሱል የሚተኮስ ከ2 ሺህ የሚበልጥ ጠመንጃ ነበር። አውሮፓ የጣለችው መሣሪያ እኛ ዘንድ የሚደርስበት ቅደም ተከተል እንዲህ ነበር።

የዘመኑ ዲፕሎማሲ ስለ ጠመንጃ የሆነውን ያህል ስለ ጥይትም ነበር። በ1890 የብራስልስ ጉባኤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 20፣ በስተደቡብ 22 ዲግሪ ድረስ ባለው የአፍሪካ ምድር የጦር መሣሪያ ንግድን ገደበ። ጣሊያንም የውጫሌን ውል በራሷ ትርጉም ለማጽናት ስትጥር በ1893 ለምኒልክ 2 ሚሊዮን ጥይት ላከች። ንጉሠ ነገሥቱ ጥይቱን ተረከቡ፤ በዚያው ዓመት የካቲት ወርም ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። የጥይትን ነገር ከዚህ በላይ የተረዳ መሪ ማግኘት ያስቸግራል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተተኮሰው ጥይት በእነዚያ ዓመታት በጥንቃቄ የተጠራቀመ ነበር።

ጥይት በዚያ ዘመን ገንዘብም ነበር። ጠገራው የማሪያ ቴሬዛ ብር ለትንሽ ግብይት ስለሚበዛ አሞሌ ጨውና የውጅግራ ጥይት እንደ ዝርዝር ይሠሩ ነበር፤ ምኒልክ በ1894 በፓሪስ የራሳቸውን ገንዘብ ካስቀረጹ በኋላ እንኳ ልማዱ ቶሎ አልጠፋም። ተራው ወታደር በዝናሩ የያዘው ጥይት የጦር መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ቦርሳውም ነበር። ነገሩን ከምጣኔ ሀብት አንጻር ስናየው፣ መተኮስ ማለት ገንዘብ ማውጣት ማለት ነው። ባዶው ቀለህም የማይጣልበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሊሞላ የሚችል ባዶ ቤት ነውና።

ውጅግራን ለመሙላት የሚያመቹ ነገሮች ነበሩ። ጥቁር ባሩድ መቀመም በሀገራችን ከናስ ጥይት በፊት የነበረ ሙያ ነው፤ እርሳስ ማቅለጥም እንደዚሁ። ቀለሁ ወፍራምና ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ የቀጥቃጭ እጅ መልሶ ሊያስተካክለው ይችላል። ያልተቻለው አንድ ነገር ካፕሱል ነው። የውጅግራ ቀለህ ከቤርዳን ሥርዓት ጋር የሚቀራረብ፣ ጉብታው ከመቀመጫው ጋር የተያያዘ በመሆኑ የተቃጠለውን ካፕሱል ማውጣቱ ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። አዲሱን ለመሥራት ደግሞ የሜርኩሪ ኬሚስትሪና የረቀቀ ማተሚያ ያስፈልጋል። ባሩዱ፣ አረሩና ቀለሁን ወደ ልኩ መመለሱ በሀገር እጅ ሲሆኑ፣ ከአዝራር የማይበልጠው ካፕሱል በማርሴይ ወይም በሊዬዥ እጅ ቀረ።

ይህን ሥራ የሚሠራው እጅ የማን እንደነበር መዘንጋት የለብንም። ጠመንጃ የሚጠግነው፣ ብረት የሚያቀልጠው ባለ እጅ በማኅበረሰባችን ዘንድ ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኞችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው የሥነ ምግባር ተግሣጽ ብቻ አይመስለኝም። የመንግሥትን አቅም የያዘው ማን እንደሆነ ያዩ መሪ ያወጡት አዋጅ አድርጌ አነብበዋለሁ።

በሩ የተዘጋበት ዓመት

ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ አገኘ። የፈረንሳይ መሐንዲሶች በ1886 የለበንን ጥይት ሲነድፉ በችኮላ ስለነበሩ አዲስ ቀለህ አልፈጠሩም፤ የውጅግራን ቀለህ ወስደው አንገቱን ወደ 8 ሚሊሜትር አጠበቡት። የዘመናዊው ጠመንጃ ዘመን የተከፈተው፣ እንግዲህ፣ አሮጌ ቀለህን ወደ አዲስ ልክ በማምጣት ነው። ያ ጥበብ ግን የተሠራው በፋብሪካ ነበርና ከዚያ ወዲያ በቀጥቃጭ ምድጃ የሚደረስበት አልሆነም። ጥቁር ባሩድ በለበን ቀለህ ውስጥ ቢጨመር ከጠመንጃው የሚጠበቀውን ኃይል አይሰጥም፤ የጠበበውን አፈሙዝም በጥላሸት ይደፍነዋል። እርቃኑን ያለ የእርሳስ አረር የአዲሱን ፍጥነት አይችልም፤ የመዳብ ወይም የኒኬል ቅይጥ ልባስ ይሻል። የቀለሁ ልክም በፀጉር ያህል መሳት የለበትም።

ከ1874 እስከ 1886 ያለው 12 ዓመት ስለዚህ ልዩ ዘመን ነው። ውጅግራ የዘመናዊ ጠመንጃን ኃይል በሀገር ሙያ ሊጠገን ከሚችል ጥይት ጋር አጣምሮ የያዘ የመጨረሻው መሣሪያ ነበር ማለት ይቻላል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ምንሽር፣ ለበንና ሞዘር በየአንዳንዱ ተኩስ የፋብሪካ ጥገኛ ናቸው። የዚህ ጥገኝነት ዋጋ በ1935 ታየ። ፋሽስት ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። እገዳው በቃል እኩል ነበር፤ ጣሊያን ግን የራሷ የጥይት ፋብሪካዎች ነበሯት፣ ኢትዮጵያ ግን በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ጥይት ላይ ጥገኛ ነበረች። የሠራዊቱ ጠመንጃ ልዩ ልዩ ስለነበር አንዱ ጓድ የተረፈውን ጥይት ለሌላው ማበደር እንኳ አይችልም ነበር። በወረራው ዘመን አርበኞች ጠመንጃና ጥይት አብረው ከጠላት መማረክ ዋነኛ መንገዳቸው የሆነውም ከጀግንነት በተጨማሪ ለዚህ ነው። የተማረከ ጠመንጃ ያለ ተማረከ ጥይት አይሠራም፤ ጥይቱም የሚሠራው በቦሎኛና በሌሎች የጣሊያን ከተሞች ነበር።

ቀለህ እንደ ሰነድ

የመጨረሻው ነጥቤ ለተመራማሪዎች ነው። በነሐሴ 1983 በአሜሪካ የሞንታና ግዛት፣ በ1876 የሊትል ቢግሆርን ጦርነት የተካሄደበትን ሜዳ እሳት አጋየው። ሣሩ ሲቃጠል መሬቱ ተገለጠ። በተከታዩ ዓመት ዳግላስ ስኮትና ሪቻርድ ፎክስ የመሩት የአርኪዮሎጂ ቡድን በብረት መፈለጊያ መሣሪያ እየታገዘ እያንዳንዱን ቀለህና አረር በወደቀበት ቦታ መዘገበ። መርፌው በካፕሱሉ ላይ፣ ማውጫው ጥርስ በቀለሁ ጠርዝ ላይ የሚተወው ምልክት ለየጠመንጃው ልዩ ነው። ምልክቶቹን በማነጻጸር አንድ ጠመንጃ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደተጓዘ ለመከተል ተቻለ። የመዳብ ቀለሆች በጠመንጃ ውስጥ ተጣብቀው ለሽንፈቱ ምክንያት ሆነዋል የሚለው የቆየ አሳብም ተፈተሸ፤ የተጣበቁ መሆናቸውን የሚያሳይ ምልክት የተገኘባቸው ጥቂት ብቻ ነበሩ። ምስክር ሳይተርፍ ያለቀ የሚመስል ውጊያ በቀለህ አንደበት እንደገና ተተረከ።

ወደ ልኩ የተመለሰ ቀለህ ከዚህም የበለጠ ይናገራል። በግድግዳው ላይ የዳዩ ጭረት፣ በመቀመጫው ላይ ሁለት ጊዜ የተመታ የጥርስ ምልክት፣ በአንገቱ ላይ የእሳት ቀለም ይኖረዋል። እነዚህን ያየ ተመራማሪ ቀለሁ ስንት ጊዜ እንዳገለገለና በምን ዓይነት እጅ እንደተሠራ ሊገምት ይችላል። በእሮጌ፣ በጉራ፣ በዐድዋ፣ በማይጨው የወደቁ ቀለሆች ይህን ጥያቄ እስኪጠየቁ ድረስ በአፈር ውስጥ የተቀመጡ ሰነዶች ናቸው።

ከእናንተ መካከል የመመረቂያ ጥናት ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ ይህ ሰፊ እርሻ ነው። ከገጠር ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአያት ዝናር ስታዩ፣ ከጠመንጃው ይልቅ በዝናሩ ውስጥ የቀረውን ጥይት መርምሩ፤ መቀመጫው ላይ የታተመውን ምልክትና ዓመት መዝግቡ፤ ዳግም የተሞላ ይመስል እንደሆነም ጠይቁ። ያልተተኮሰ አሮጌ ጥይት አደገኛ ነውና ለመክፈት አትሞክሩ። የጦር ሜዳ ስትጎበኙም ቀለህ አታንሡ፤ ከወደቀበት የተነሣ ቀለህ ግማሽ ምስክርነቱን ያጣል። በአዲስ አበባ ከቀለህ የሚሠሩትን ውብ ጌጣጌጦች ስመለከት የሠሪዎቹን እጅ አደንቃለሁ። የመሣሪያ ናስ የሰላም ጌጥ መሆኑም ደስ ያሰኛል። የታሪክ መምህር በመሆኔ ግን ከመቅለጡ በፊት መቀመጫው ላይ የተጻፈውን ያነበበ ሰው እንዲኖር እመኛለሁ።

ለማጠቃለል፦ የናስ ጥይት ሲመጣ ለተኳሹ ፍጥነትን ሰጠው፤ ራሱን መቻልን ግን ወሰደበት። ቀለህን ወደ ልኩ የመመለስ ጥበብ ከተወሰደው ከፊሉን ያስመለሰ ጥበብ ነው። የአሜሪካው አዳኝ ካፕሱሉን ከሱቅ ይገዛ ስለነበር ጥበቡ ቁጠባ ሆነለት። ለሜዳው ነባር ሕዝቦችና ለእኛ ቀጥቃጮች ግን የህልውና ጉዳይ ነበር፤ የቆመውም በሙያ ማነስ ሳይሆን በካፕሱሉ ላይ ነው። የሀገርን አቅም ስንመዝን ትልቁን ዕቃ መቁጠር ይቀናናል። ጥገኝነት ግን ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ከአዝራር በማትበልጠው፣ እኛ ልንሠራት ባልቻልነው ክፍል ውስጥ ነው። ይህ አሳብ በጥይት ብቻ የሚወሰን አይመስለኝም፤ ውይይቱን ለእናንተ እተዋለሁ።